ጭንቀትና ሰውነታችን፦ በደህናው ቀን የሚለመድ እፎይታ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

 ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው፤ ሶለዋትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የዝግጅታችን ተከታታዮች፣ የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አንዲት እናት ናቸው የመረጡልኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትቼ ታሪኩን እነግራችኋለሁ።

እኚህ እናት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። በየጁሙዓው ትደውላለች፤ አንዳንዴ ግን ሳትደውል ትቀራለች። ስልኩ ሲዘገይ የእናቲቱ ልብ ይመታል፣ ትከሻቸው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብንን ይሉና ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ጤና ጣቢያ ሄደው ተመርምረዋል፤ ደም ግፊታቸውም ተለክቷል። "ሌላ በሽታ አላገኘንብዎትም፣ ጭንቀት ነው" ተብለው ተመልሰዋል። "ሼኽ" አሉኝ፣ "እሰግዳለሁ፤ ዚክሬንም አላቋርጥም። ታዲያ ልቤ እንዲህ የሚርደው ኢማኔ ምን ሆኖ ነው?"

በዚያ ሰዓት ኒካሕ የሚያስሩ ሰዎች እየጠበቁኝ ነበር። "እናቴ፣ ዚክር ያብዙ፣ አላህ ያግራልዎት" አልኳቸውና ሄድኩ።

ከወር በኋላ እህታቸው መጥታ እንደነገረችኝ እኚህ እናት ከሰው መሸሽ ጀምረዋል። "ዚክር የሙእሚንን ቀልብ ያረጋል፤ የኔ ግን አልረጋም፤ እንግዲያው ሙናፊቅ ነኝ ማለት ነው" ብለው ደምድመዋል። ያን ሌሊት እኔም አልተኛሁም። የሰጠኋቸው መልስ ስሕተት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ነበር። ግማሹን ይዘው ቤታቸው ገቡ፤ የቀረውን ራሳቸው ሞሉት፤ በመጥፎ ሞሉት። ዛሬ ያን የቀረውን ግማሽ ነው የምናገረው።

በመጀመሪያ፣ የሰውነት መጨነቅ የኢማን መጉደል ምልክት አይደለም። ነብዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን የተነሣ የዓይናቸውን ብርሃን እስከማጣት መድረሳቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ከአላህ እዝነት ተስፋ የቆረጡበት ቀን ግን አልነበረም፤ እንዲያውም ልጆቻቸውን ተስፋ እንዳይቆርጡ ይመክሩ ነበር። ነብዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የደረታቸውን መጥበብ ለጌታቸው ተናግረዋል። የኛ ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም አልቅሰዋል። በነብያት ላይ ያልተነቀፈ ነገር በአንዲት እናት ላይ ሲታይ እንዴት ኒፋቅ ይሆናል?

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ) ሰውን ሲፈጥር አደጋ ሲመጣ የሚያስነሣ ኃይል በውስጡ አስቀምጦለታል። አሜሪካዊው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው አስረድቶታል። ስንደነግጥ ወይም ስንቆጣ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ወደ ደማችን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የሆድ ዕቃ ሥራውን ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚደረግ ዝግጅት ነው። ጨለማ ላይ ጅብ ለገጠመው ሰው ትልቅ ኒዕማ ነው። ያልተደወለ ስልክ ግን ጅብ አይደለም፤ ሮጠን አናመልጠውም፣ ታግለንም አንጥለውም። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ፈተናው፣ ከጎረቤት ጋር ያለው የአጥር ክርክርም እንደዚያው ነው። ሰውነት ግን ይህን ለይቶ አያውቅም። ተነሥ ሲባል ይነሣል፤ ተቀመጥ የሚለው እስኪመጣ ድረስ እንደቆመ ውሎ ያድራል።

ልብን "ቀስ ብለህ ምታ" ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ትንፋሽና ጡንቻ ግን በእጃችን ናቸው። ትንፋሻችን ሲረዝምና ሲዘገይ የልብ ምትም ተከትሎት ይረግባል፤ የተወጠረ ጡንቻ ሲላላም ሰውነት አደጋው እንዳለፈ ይቆጥረዋል። ወደ ልብ የሚያስገባው በር በዚህ በኩል ነው።

ይህን በር በጥናት ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ጥናቱን በ1908 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ መጽሐፉን በ1929 አሳተመ። ያስተዋለው ነገር ቀላል ይመስላል፦ የተጨነቀ ሰው ጡንቻው መወጠሩን አያውቅም። "ራስህን ፈታ አድርግ" ቢባል የት ቦታ እንደሚፈታ አያውቀውም። ስለዚህ ጃኮብሰን ሰዎችን አንዱን ጡንቻ ሆን ብለው እንዲያጠብቁ፣ ከዚያም እንዲለቁና በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንዲያስተውሉ ያደርግ ነበር። የርሱ ሥልጠና ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነበር፤ በኋላ ጆሴፍ ዎልፒ የተባለው ትውልደ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪምና ሌሎችም አሳጥረውታል። እስቲ አሁን፣ የምትሰሙ እየሰማችሁ፣ የምታነቡም እያነበባችሁ፣ ጥርሳችሁን ልብ በሉ። የላይኛውና የታችኛው ተጋጥመዋል? ምንም ሳታኝኩ ለምን ተጋጠሙ? ጃኮብሰን የሚለው ይህንን ነው።

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ወንድም አይጠፋም። እኔም በኮሌጅ ሳለሁ በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥ ስማረው እንደዚያ መስሎኝ፣ ለፈተና ሸምድጄ ረስቼው ነበር። ነገር ግን ከጃኮብሰን 1000 ዓመት ያህል በፊት አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባሉ ሙስሊም ሊቅ ነበሩ። ዛሬ አፍጋኒስታን በምትባለው አገር በበልኽ አካባቢ ተወልደው በ322 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ 934) አረፉ። "መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ" በተሰኘው ኪታባቸው የመጀመሪያውን ክፍል ለአካል ጤና፣ ሁለተኛውን ክፍል ለነፍስ ጤና ሰጥተውታል። ለነፍስ በሰጡት ክፍል ንዴትን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስወሳን ለየብቻ እያነሡ መድኃኒታቸውን ያስረዳሉ። አካል ሲታመም ነፍስ እንደምትታወክ፣ ነፍስ ስትታወክም አካል እንደሚታመም ያትታሉ። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ፣ አላህ ይዘንላቸውና በ2021 አርፈዋል፣ ይህን የነፍስ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ2013 ለኅትመት አብቅተውታል።

ከአል-በልኺ ትምህርት ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ አንድ ሐሳብ ነው። ጤነኛ ሰው ድንገት ለሚመጣ ሕመም ቤቱ ውስጥ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ቀልቡ በረጋበት ጊዜ ለመከራ ቀን የሚሆኑ ጤናማ ሐሳቦችን ማጠራቀም አለበት ይላሉ። ያስደነገጠኝ ለምን መሰላችሁ? ወደ እኚያ እናት ተመልሼ ሄጄ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ የማስታውሰውን ያህል የትንፋሽና የጡንቻ ልምምድ አሳይቻቸው ነበር። ያንኑ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልባቸው ሲደልቅ ሞከሩት። አልሠራም። እንዴት ይሥራ? አንዴ ብቻ ያዩትን ነገር በጨለማና በድንጋጤ መሐል ነው የሞከሩት። ጭንቀቱ ሲመጣ የሚዋጥ ክኒን አድርጌ ነበር ያስረከብኳቸው። ነገሩ ግን እንደ ቁርኣን ሒፍዝ ነው። ሕፃኑ በኻትማው ዕለት ሰው ፊት ቆሞ የሚያነበው ዓመት ሙሉ ሉሑ ላይ የደገመውን ነው። ስለዚህ እንደገና ተነጋገርንና በሌሊት መሞከሩን ትተው፣ ስልክ በማይጠበቅበት፣ ቀልባቸው ደህና በሆነበት ሰዓት በቀን አንዴ ዐሥር ደቂቃ ብቻ እንዲለማመዱ ተስማማን።

ሐኪም ሳይቀመጥ፣ ድምፅ ብቻ እየመራን ይህን መማር ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው አንድ ትምህርት ላይ የተደረገውን ጥናት ልጥቀስ። በሰሜን ዩጋንዳ በሚገኝ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ 700 ያህል የደቡብ ሱዳን ሴቶች በጥናቱ ተካፈሉ። ከእነርሱ ግማሽ የሚሆኑት በቡድን በቡድን እየተሰበሰቡ፣ በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት፣ በጁባ ዐረብኛ የተቀዳ ድምፅ ለአምስት ሳምንት አዳመጡ። ትንፋሽን ማስተዋል፣ እግርን መሬት ላይ ረግጦ ያሉበትን ቦታ ማየትና መስማት፣ ከሚመጣ ሐሳብ ጋር አለመታገል ተማሩ። ውጤቱ በ2020 ታትሟል። ከሦስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ትምህርቱን ካላገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀልሎ ተገኝቷል። ቀለለ እንጂ ጠፋ አልተባለም። ስደቱም፣ ድህነቱም እዚያው ነበር።

እንግዲህ በየቤታችሁ የምትሠሩበትን ልስጣችሁ። አንድ ሰው ያንብብ፣ ሌላው ያድርገው። ልጆቻችሁ ለአያታቸው ቢያነቡላቸው እንዴት ያማረ ነው! ለታላቅ እንዲሆን በአክብሮት ጽፌዋለሁ። አንባቢው አይቸኩል፤ በየአራት ነጥቡ አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቅ። መኪና የሚነዳና እሳት ላይ ድስት የጣደ ሰው አሁን አይሞክረው።

"ተደላድለው ይቀመጡ፣ ወይም በጀርባዎ ጋደም ይበሉ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ መጨፈን ከከበደዎት ፊት ለፊትዎ ያለ አንድ ነገር ይመልከቱ። በአፍንጫዎ ቀስ ብለው አየር ያስገቡ። ከገባበት ይልቅ አዘግይተው ያስወጡት። በግድ አይሳቡት። አንዴ ይድገሙት። አሁን ቀኝ እጅዎን ይጨብጡ። ጠበቅ ያድርጉት፣ ግን አይመምዎ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ይልቀቁት። ጣቶችዎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ልል ይበሉ። ሲጨብጡና ሲለቁ ያለውን ልዩነት ልብ ይበሉ። ግራ እጅዎንም እንደዚሁ ይጨብጡ። ይልቀቁት። ትከሻዎን ወደ ጆሮዎ ከፍ ያድርጉ። እስከ አምስት ይቆዩ። ይልቀቁት፤ የተሸከሙት እንስራ የወረደልዎ ያህል ይሁን። ዓይንዎንና ግንባርዎን ጭምድድ ያድርጉ። ይልቀቁት። ጥርስዎን ገጠም ያድርጉ። ይልቀቁት፤ ከንፈርዎ ቢገጥምም ጥርስዎ ይለያይ፤ ምላስዎ ይረፍ። ሆድዎን ወደ ውስጥ ሳብ ያድርጉ። ይልቀቁት። የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ አቅጣጫ ይሳቡ። ይልቀቁት። ሐሳብ ይመጣል። ሲመጣ አይጣሉት፣ አይከተሉትም። በልብዎ ሐሳብ መጣ ይበሉና ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ። ሰውነትዎ መሬቱ ላይ ሲከብድ ይተዉት። ጥቂት እንዲህ ይቆዩ። አሁን ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። ቀስ ብለው ይነሡ።"

ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፤ ትስቁም ይሆናል፤ የኔ ልጆች ስቀዋል። ጭንቅላት ከዞረ ወይም ጣት ከነዘረ ትንፋሹን አብዝታችሁታል ማለት ነው፤ ወደ ተለመደው አተነፋፈስ ተመለሱ። የተጎዳ ጡንቻ፣ የታመመ ወገብ ያለው ሰው ያን ቦታ ይዝለለው። ከባድ ነገር አይቶ ያለፈ ሰው፣ ጦርነት ወይም ድብደባ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ያ ነገር ፊቱ ከመጣበት ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት ላይ ተጭኖ፣ በዙሪያው የሚያየውን እየቆጠረ ያድርገው፤ ካልሆነለትም ይተወው።

ከሰውነት ልምምዱ ጋር የሚሄዱ የአእምሮ ልምምዶችም አሉ። እኔ ሁለቱን ብቻ እነግራችኋለሁ። አንደኛው የአል-በልኺ ነው። በደህናው ቀን ወረቀት አውጡና ለመከራው ሰዓት የሚሆናችሁን ጻፉ። እኚያ እናት መጻፍ ስለማይችሉ የእህታቸው ልጅ ናት የጻፈችላቸው። ያስጻፉትም ይህ ነው፦ "ባለፈው ረመዷን ሁለት ሳምንት ሳትደውል ቆይታ ደህና ነበረች። የምትሠራበት ቤት ስልክ የሚፈቀደው እመቤቲቱ ስትመች ነው። አብራት የሄደችው የጎረቤት ልጅ ቁጥር አለን፤ ሲጠፋን እንጠይቃታለን።" ልብ በሉ፣ እነዚህ ነገሮች እውነት ናቸው። ራስን መዋሸት የለበትም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም ትዝ አይላቸውም ነበር። ሁለተኛው ለጭንቀት ሰዓት መቁረጥ ነው። ከዐስር በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ለዚያ ብቻ ይመደባል፤ የሚያስጨንቀውን ሁሉ ያን ጊዜ ማውጠንጠን፣ መፍትሔ ያለውን መያዝ። በሌላ ሰዓት ሲመጣ "ሰዓትህ ገና ነው" ማለት። ተንኮል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ይጠቅማል።

አሁን የዲን ጥያቄው። በዚህ ልምምድ ውስጥ የሚጠራ ስም፣ የሚሰገድለት ነገር፣ የሌላ እምነት ቃል የለም። ጡንቻን ማጥበቅና መልቀቅ እንደ መራመድ፣ እንደ መታሸት የተፈቀደ ተግባር ነው። የሌላ ሃይማኖት አምልኮ ያለበትን፣ የማይታወቅ ቃል እየደጋገማችሁ አድርጉት የሚባለውን ግን ተዉት፤ አያስፈልገንም። ሌላም ወገን አለ። ሐኪሙ ኸርበርት ቤንሰን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድን ቃል በእርጋታ መደጋገም ሰውነትን እንደሚያሳርፍ ጽፏል፤ ከዚያ ተነሥተው አንዳንድ ወንድሞች "ዚክር ማለት ይኸው ነው" ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዚክር ዒባዳ ነው። የምናደርገው አላህ ስላዘዘንና እርሱን ስለምንፈልግ ነው፤ ደም ግፊት ቢወርድም ባይወርድም አንተወውም። ዚክርን መድኃኒት ካደረግነው፣ ያልዳነ ቀን ምን ልንል ነው? እኚያ እናት የወደቁበት ጉድጓድ ይኸው ነበር። ዚክሩ በቦታው፣ ልምምዱም በቦታው ይሁን። ለትንፋሽ ልምምዱ የተወሰነ የዚክር ቁጥር ስጠን ያላችሁኝም አልሰጥም፤ ያልተደነገገን ቁጥር ከራሴ አልፈጥርም።

በሶላታችን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ግን አልክድም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላቱን ያቻኮለውን ሰው ደግመው እንዲሰግድ ያዘዙት፣ በሩኩዕም በሱጁድም አካሉ እስኪረጋ እንዲቆይ ያስተማሩት በእኛ ፊቅሕ ጡመእኒና ብለን የምናውቀው ነው። ሃያ ዓመት ሳስተምረው ኖሬ የራሴ ትከሻ በሱጁድ ውስጥ እንደተሰቀለ መሆኑን ያወቅሁት ይህን መለማመድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ጥቂት ማሳሰቢያ ልጨምር። ይህ ሁሉ ለዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው። ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቀው የቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ የነሣው፣ ሥራውን ያስተወው፣ ከሁሉም በላይ መኖርን የጠላ ሰው ካለ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት። የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ በዚህ ምክንያት አያቋርጥ። ጫት ቅሞ "ተዝናናሁ" የሚለው ወንድሜም አይሳሳት፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አነቃቂ ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍንም ይነሣል፣ ከላይ ያልነውን የጅብ ድንጋጤ በገንዘቡ እየገዛ ነው። ሚስቱን በጩኸት እያስጨነቀ "ሬዲዮው እንዳለው ተንፍሺ" የሚል ባልም ሰምቻለሁ። እርሱ በመጀመሪያ ጩኸቱን ይተው። በደል የፈጠረው ጭንቀት በትንፋሽ አይታለፍም፤ ዕዳም በጡንቻ ማፍታታት አይከፈልም።

እኚያ እናት አሁን አምስተኛ ወራቸው ነው። ስልኩ ዛሬም ይዘገያል፤ ልባቸውም ይመታል። ግን ወደ ጁሙዓ ተመልሰዋል። አብዛኛውን ሌሊት ፈጅር አዛን ሲል ነው የሚነቁት፣ አልሐምዱሊላህ። ባለፈው ሳምንት አዲስ ጥያቄ ይዘውልኝ መጡ። "ሼኽ፣ ከመግሪብ በኋላ ልጅቷ ስታነብልኝ እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል። ለዒሻ ውዱኤ አለ ወይስ የለም?" አሉኝ። ጋደም ብሎ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ውዱኡን ያድሳል። መቀመጫውን መሬት ላይ አደላድሎ ተቀምጦ ያሸለበ ከሆነ በሻፊዒይ መዝሀብ ውዱኡ አይፈርስም። ስለዚህ ወይ ተቀምጠው ያድርጉት፣ ወይ ዒሻን ሰግደው ይጋደሙ አልኳቸው። መጋደሙን መርጠዋል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።